ያላየሁት አርባ

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

አዲሱ መሣሪያ መጣ። ከጫማ ካርቶን ያነሰ ነገር… የበሽተኛው የሽንት ከረጢት ላይ ይንጠለጠላል፣ የሚወርደውን ሽንት በየደቂቃው በሚሊ ሊትር ይለካል፣ ቁጥሩን ራሱ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰዓቱ ጎንበስ እያልኩ ያነበብኩትን።

ዶክተር እስኪል ሳቀብኝ። የሰመመን ሐኪማችን ነው፤ ልጄ ይሆናል በዕድሜ። "ኢንጉን፣ ጉልበትሽ አረፈልሽ።"

"ጡረታ ውጪ አትለኝም በግልጽ?"

ለአንድ ወር ሁለቱም ይመዘገባል። መሣሪያው በራሱ፣ እኛ ነርሶቹ በዓይናችን። ከዚያ ይነጻጸራል።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቶርላይፍ እጁን አነሳልኝ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለኩላሊት እጥበት ይመጣል። ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆነው። ያኔ ለቀዶ ጥገናው ሰመመን ሲሰጠው አጠገቡ ስለነበርኩ "ያስተኛሽኝ ሴትዮ!" ይለኛል ሁልጊዜ። ፈገግ ብዬ፣ ፈጠን ብዬ አለፍኩ።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

የመሣሪያውና የእኛ ቁጥር ልዩነት ትንሽ ነው። ዓርብ ዓርብ ለሠራተኛው የሚጋገረው ዋፍል፣ ያ ጣፋጭ ቂጣ፣ ሳልደርስበት አለቀ። በዚህ ሰሜን አገር ክረምቱ ገብቷል፤ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ የለችም ማለት ይቻላል።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

እስኪል ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግቶ ጠራኝ።

"መሣሪያው ሠላሳ ሰባት፣ አርባ አራት፣ ሃያ ዘጠኝ ይላል። አንቺ አርባ፣ አርባ፣ አርባ። ሰው እንደ ሰዓት ነው እንዴ የሚሸናው?"

አብሬው ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

በሽተኛው የተሸፈነበት ጨርቅ እስከ ወለል ወርዶ፣ የቀዳጅ ሐኪሞቹ እግር ተደርድሮ፣ ከሥር ጨለማ ሆኖ… ከረጢቱን ለማየት ማን ይሳባል? ያለፈውን ሰዓት ቁጥር ትጽፋለህ። ማንም አያስተምረውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ልጻፈው።

አንዲት መምህርት፣ የአንጀት ካንሰር። ረጅም ቀዶ ጥገና። አምስት ሰዓት ላይ አርባ ብዬ ጻፍኩ። ጎንበስ አላልኩም። ረቡዕ እስኪል ያን ካለኝ ወዲያ እንኳ! ትንሽ ቆይቶ መሣሪያው ጮኸ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምንም ጠብታ የለም ይላል።

እስኪል የእኔን ወረቀት አየ። "አንቺ አርባ ብለሻል። ይሄ ነገር ተበላሸ እንዴ?" ድምፁን ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ።

የእኔ አርባ መሣሪያውን ዝም ሊያሰኘው ነበር።

"አላየሁም" አልኩ።

"ምኑን?"

"አርባውን። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።"

ቀዳጆቹ ሁሉ ቀና አሉ። ተሳብኩ፣ ከሥር ገባሁ። ቱቦው አልታጠፈም። ከረጢቱ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። እስኪል "የሚደማ ቦታ ፈልጉ" አላቸው። ከጉበቷ ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት፣ ደም ይፈስሳል። የደም ግፊቷን በመድኃኒት ይዘነው ስለነበር ደህና መስላን ነበር። ኩላሊቷ ብቻ ነው የነገረን።

ሰባት ሰዓት ላይ ሽንቷ መውረድ ጀመረ። አለቀስኩ፣ ጭንብሉ ውስጥ።

ኖቬምበር 19፣ ረቡዕ

መምህርቷ ነቅታ ውኃ ጠየቀች። ለክፍል ኃላፊዋ የሆነውን በጽሑፍ ሰጠሁ። እስኪል አልተቆጣም። "ሁላችንም እናደርገዋለን" አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የዛሬ ሰባት ዓመትስ? ቶርላይፍ የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አምስት። ሦስቱንም አላየሁም። በማግስቱ ኩላሊቱ ቆሟል ተባለ። ቀድሞም ደካማ ነበር አሉ፣ ደምም ፈስሶታል። ማንም ወረቀቴን አልጠየቀም። የሚጮህ መሣሪያ አልነበረም። በእኔ ይሁን አይሁን አላውቅም… ግን ባየው ኖሮ እናውቅ ነበር።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ነገርኩት።

ክንዱ ላይ መርፌው እንደተሰካ፣ አጠገቡ ወንበር ስቤ። በሽተኞች በሆስፒታሉ ላይ የሚያቀርቡትን የአቤቱታ ፎርምም ይዤለት ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"እጥበቱ ከባሕር ስላስቀረኝ ጀልባዬን ሸጫለሁ" አለ። "ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ሰባት ዓመት እጄን ሳነሳልሽ ይሄን ይዘሽ ነበር?"

"አዎ።"

ፎርሙን ተቀበለኝ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "በቃ ሂጂ አሁን።"

ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ቶርላይፍ አየኝ። እጁን አላነሳም።

ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ

ሙከራው አለቀ። ከነገ ጀምሮ በእጅ መጻፍ ቀረ፤ መሣሪያው ብቻውን ይበቃል ተብሏል። ይበቃል፣ እኔም አምናለሁ። ዛሬ ግን በየሰዓቱ ተንበረከክሁ። አንዴማ ጨርቁን ገልጬ ለማየት የቀዳጁን እግር ገፋሁ። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

ስወጣ ከእጥበቱ ክፍል ድምፅ ሰማሁ።

"ኢንጉን!"

በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። በሩ ላይ ቆምኩ። ፎርሙ ጉልበቱ ላይ ነው፤ በእስክሪብቶ ተሞልቷል።

"ዛሬ ልልከው ነው" አለ።

"ላከው።"

"የዛሬውን በሽተኛ ሽንት አይተሽዋል?"

"አይቻለሁ።"

"ጎንበስ ብለሽ?"

"ተንበርክኬ።"

ጉልበቴን አየ፣ ሱሪዬ ላይ የወለሉ እርጥበት አለ።

"ሐሙስም እጠይቅሻለሁ" አለ።

እጁን አላነሳልኝም። እኔም ፈጠን ብዬ አላለፍኩም።