ከጀሪካኑ አፍ የጠፋው ፌስታል

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ስጽፈው እንኳ እፈራለሁ። የጭነት መኪናችን በሽታ ምናልባት ከኔ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ከዲጋ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመች። በቆሎ ጭነን ነበር። መጀመሪያ ትንተፋተፋለች፤ አባዬ ነዳጁን ቢረግጠውም ጉልበት የላትም። ከዚያ ጭጭ። ወርጄ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀን ቁልፉን ሲያዞረው ምንም እንዳልሆነች ሆና ተነሣች። ሜዳ ላይ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም።

እስካሁን ፊልትሮው ተቀይሯል፣ ቱቦው ተቀይሯል፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ተፈትሸዋል። ለውጥ የለም።

አሁን የኔ ነገር። ከሁለት ሳምንት በፊት ማደያ ናፍጣ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዛን። የጀሪካናችን ክዳን ጎማው ወልቋል። እንዳያፈስ ሁልጊዜ ፌስታል ቆርጬ አፉ ላይ አድርጌ ክዳኑን በላዩ አጠብቃለሁ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ያን ቀን ፌስታሉ ቢጫ ነበር። ታንኩ ውስጥ ገልብጬ ስጨርስ ክዳኑ ላይ የለም፣ መሬት ላይ የለም፣ ጀሪካኑ ውስጥም የለም።

አባዬ "ጨረስሽ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ። በቃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

መኪናዋ ኦቦ ገመቹ ጋራዥ ገባች። የእናቴ ወንድም አይደለም፤ ግን እናቴ በሕይወት ሳለች ወንድሜ ትለው ስለነበር እኔም ኤሱማ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ እለዋለሁ። እሷ ስትሞት ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ከአባዬ ጎን መቀመጥ ስጀምር ሰው ሁሉ "ልጅቷ አፍ የላትም" ይል ነበር። እሱ ብቻ ተናገሪ ብሎኝ አያውቅም። ኮፈኑን ከፍቶ "ዝም ማለት ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ሞተር ሲያመው ለሚሰማው ይነግረዋል" አለኝ። የማውቀውን ሁሉ ያሳየኝ እሱ ነው።

ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ታንኩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። እሱ የለም። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ግን ናፍጣ የጠጣ ቢጫ ፌስታል ተዘርግቷል። የጀሪካኑ አፍ ክብ ምልክት እንኳ አልጠፋም። የኔ ነው! ከደስታ ብዛት ላለቅስ ደረስኩ። ተገኘ። አለቀ።

ወዲያው ገባ። "አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ፣ እንዴት ዋልሽ ልጄ! ምን ታያለሽ?" አለና ፌስታሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ቱታው ኪስ ከተተው። "ቆሻሻ ነው።"

አባዬ እንዳይቆጣኝ የደበቀልኝ መሰለኝ። በዚህ በጣም ወደድኩት።

ማታ ቤት መጥቶ ለአባዬ "ታንኩን አውርጄ አየሁት፤ እንደ ብርጭቆ ንጹሕ ነው። ያለቀው የናፍጣ ፖምፓው ነው" አለው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ለኔ ሲል ከሆነ የዋሸው፣ ፖምፓውን ምን አስመጣው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ዛሬም ቆመች። ያው ዳገት፣ ያው መንተፋተፍ፣ ያው አሥር ደቂቃ።

ምናልባት ፌስታሉ ሁለት ነበር እያልኩ ራሴን ጠየቅሁ። አልነበረም። አንድ ነው የቆረጥኩት።

ኦቦ ገመቹ መጥቶ ኮፈኑን ሳይከፍት ተናገረ። "ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ለመለዋወጫ ካልሆነ አትረባም። ለሌላ ሰው ብትሸጣት ይረግምሃል። በመለዋወጫ ዋጋ ለኔ ተዋት፤ ቅዳሜ እንፈራረም።"

አባዬ "ካንተ በላይ ማን ያውቅልኛል" አለው። ኦቦ ገመቹ ከሄደ በኋላ ግን መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ዳሽቦርዱን በእጅጌው ሲወለውል አየሁት። ሊሸጣት አይመስልም፤ ሊድራት ነው የሚመስለው።

መኪናዋ ከሄደች አባዬ በስተርጅና የሰው መኪና ተቀጥሮ ይነዳል። ተቀጣሪ ሹፌር ደግሞ ልጁን ጎኑ አያስቀምጥም። እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ እንድሄድ ተወርቷል። የማላውቃት አክስት፣ የማላውቀው ቤት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ብቻዬን ጋራዡ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። እዚያ ስደርስ ግማሹ ጠፋብኝ።

"ኤሱማ፣ ያ ቢጫ ፌስታል..."

ሳቀ። "ዋቅ፣ አምላኬ! ዝምተኛዋ ዛሬ አፍ አወጣች! የምን ፌስታል?"

"መስኮቱ ላይ የነበረው። ኪስህ የከተትከው።"

ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ ነኝ ያፈርኩት፣ እሱ አይደለም። "እኔ ያየሁት ፌስታል የለም። ካለም ከጀሪካን ነው የሚገባው። ጀሪካኑን የገለበጠው ማን ነው? አባትሽ ነው ወይስ አንቺ?" አለ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፣ ያው ኖዝል ሲያስረዳኝ በነበረበት ድምፅ። ከዚያ "ጀባዹ፣ ኢንተላ ኮ" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በርቺ ማለቱ ነው።

ትከሻዬን ቤት ሄጄ በሳሙና አጠብኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አርብ፣ ጥቅምት 21

የመጨረሻ ጭነት ወደ አኖ። አባዬ ጠዋት ማርያምን ስሞ መጣ።

ዳገቱ መሐል ላይ ቆመች። አባዬ የሚገፋ ሰው ፍለጋ ወረደ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ከታንክ የሚመጣውን ቱቦ ከፊልትሮው ነቀልኩትና በአፌ በኃይል ነፋሁ። መጀመሪያ እንደ ግድግዳ እምቢ አለኝ። ደግሜ ስነፋ ከኋላ ታንኩ ውስጥ ቡልቅ አለ። ቱቦውን መለስኩ፣ በእጅ ፖምፓው ናፍጣ ሳብኩ፣ አባዬን ጠራሁት። ወዲያው ተነሣች፤ አሥር ደቂቃ አልጠበቅንም። ዳገቱን እየዘፈነች ወጣችው።

"እመቤቴ ሰማችን!" አለ አባዬ። አፌ ናፍጣ ናፍጣ ስለሚል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሁለተኛው ዳገት ላይ ደገመች። እኔም ደገምኩ። እንደገና ተነሣች።

ስለዚህ ፖምፓው ደህና ነው። ሞተሩ ደህና ነው። የታንኩን ቱቦ የሚደፍን ነገር ግን ውስጥ አለ። መኪናዋ ጉልበት ስትፈልግ ስባ ቱቦው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ስትቆም ይለቃታል። ያን ነገር እኔ ሳላውቅ ከተትኩት። ኦቦ ገመቹ አወጣው፤ ካወጣው በኋላ እያወቀ መለሰው።

ከጭነት መልስ "አባዬ፣ ነገ ባትፈርምስ?" አልኩት።

"ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ፍሬ። ገመቹ ይዋሸኛል?"

እኔስ "ጨረስሽ?" ሲለኝ አዎ ብዬው የለ?

ኦቦ ገመቹ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። እኔ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክሪኩን ከመቀመጫው ሥር አወጣለሁ። አባዬን ታንኩን አውርደን እንየው እለዋለሁ። ለምን ሲለኝ መጀመሪያ የኔን እነግረዋለሁ፣ ቀጥሎ የኦቦ ገመቹን። ታንኩ ውስጥ ፌስታል ከሌለ ሰው የማማ ውሸታም ልጅ ነኝ፤ ይሁን። ካለ ግን ብዙ አልናገርም። እርጥቡን ፌስታል አባዬ መዳፍ ላይ አስቀምጬ የጀሪካኑን ክዳን ከጎኑ አደርግለታለሁ። ክቡን ከክቡ ራሱ ያስተያየው።