በዋንዛው ጠረጴዛ ላይ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት የቡና ለቀማ አለፈ፤ ሦስተኛው ሊደርስ ነው። እኔ ልጅህ ሐዊ ግን ዛሬ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህችን እየጻፍኩ እንኳ ሦስቴ ተነሳሁ።

እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። የጥላ ዛፋችን ዋንዛው የነበረበት ቦታ ቡናው ፀሐይ መትቶት ገርጥቷል። አምና ደግሞ ያለጊዜው ዘነበና አበባው ፈነዳ፤ ከዚያ ዝናቡ ጠፋ፤ አበባው ሁሉ ረገፈ። እማዬ ሲደክማት የምታርፈው የዋንዛው ጉቶ ላይ ነው።

ለምን እንደቆረጥከው ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዩኒቨርሲቲ ጅማ ሲደርሰኝ ልጄ መሬት ላይ ተደፍታ አታጠናም ብለህ ነው። አናጢ አልጠራህም። ራስህ ጠርበህ ጠረጴዛ ሠራህልኝ፤ ከአጋሮ በአይሱዙ፣ ከጅማ መርካቶ በጋሪ አድርገህ ቦሳ ኪቶ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ድረስ አመጣኸው። አንዱ እግሩ አጠረ። ጠማማው መሬቱ ነው ብለህ ድርቅ አልክ! ይኸው እስከ ዛሬ ይነቃነቃል።

አሁን ጉዴን ስማ። የዩኒቨርሲቲው የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ተማሪዎች ከሌሎች አገር ተማሪዎች ጋር ሆነን፣ መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ሲደራደሩ የሚቀርብላቸው ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። አየሩን ያበላሸውን ጢስ ያወጡት ሌሎች፣ አበባ የረገፈብን እኛ፤ ፍትሕ የምንለው ይህንን ነው። የጅማን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ነገ በኢንተርኔት የማነበውም እኔ። ታዲያ «ገበሬው ባለማወቅ የጥላ ዛፉን ይጨፈጭፋል» ብዬ ጻፍኩልህ። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። እኔም ደስ አለኝ፣ አፈር በበላሁ!

ዛሬ ንባቡን ስለማመድ ጠረጴዛው ከክርኔ ሥር ተነቃነቀ። «ባለማወቅ» የሚለው ላይ ንባቤን አቆምኩ። የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ሆኜ አረፍኩት። አንተ ነህ ባለማወቅ? ቡናው እንደሚጎዳ ነግረኸኝ አልነበር? እያወቅክ ነው የቆረጥከው። በዚህ ደግሞ እናደድብሃለሁ፤ መሬት ላይም አጠና ነበር እኮ። ናፍቀኸኛል፣ አባዬ።

ዓረፍተ ነገሩን ሰርዤዋለሁ። ጓደኞቼ ከተቆጡም ይቆጡ። አባቴ ዛፉ ለቡናው ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ለልጁ ብሎ ቆረጠው፤ መቆረጡም ጎድቶናል እላለሁ። የሚመጣው ክረምት ሲገባ ጉቶው አጠገብ የዋንዛ ችግኝ እተክላለሁ።

የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ያለበትን አሮጌ ገጽ አራት ጊዜ አጥፌ አጭሩ እግር ሥር ከተትኩት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ከእንግዲህ የምጽፈውን ሁሉ እዚሁ ላይ ነው የምጽፈው፤ በጻፍኩ ቁጥርም አስብሃለሁ። መሬቱ ግን ጠማማ አልነበረም፣ አባዬ።