ካላንደር ላይ ስላለውና መዝገብ ላይ ስለሌለው ላንድሮቨር

ለተከበሩ አቶ ሩፋኤል፣ የተሽከርካሪዎች መዝገብና ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ለተከበሩ ምክትላቸው፤
ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ለወይዘሮ ሰገነት፤
እንዲሁም ከሁሉም አስቀድመን ለምናገኛቸው ለበር ጥበቃው፤
ጂንካ

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መኪናችንም ከሠላሳ ሦስት ዓመት እንቅልፉ ነቅቶ ደህና ነው፤ ምንም እንኳ ጽሕፈት ቤትዎ መኪናው በዓለም ላይ አለመኖሩን ቁጥርና ቀን ባለው ደብዳቤ ቢያረጋግጥልንም።

ለሠላሳ አንድ ዓመት በርእሰ መምህርነት፣ ከዚያም ወዲህ በሽማግሌነት በዚህ ሕዝብ ፊት ስቆም የመሥሪያ ቤት ስም በክፉ አንሥቼ አላውቅም። ዛሬም ለማመስገን እንጂ ለመክሰስ አልተነሣሁም። ምስጋናዬን በአደባባይ ያደረግሁትም በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሦስቱ እንደ መኪናው ሁሉ በመዝገብዎ ስላልተገኙ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ ላስረዳ። አባቴ በዲመካ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ ሲሆኑ፣ በ1961 ዓ.ም. የገዙት አረንጓዴ ላንድሮቨር ከእህልና ከጨው ሌላ የታመመውን፣ የሞተውንና ምጥ የያዛትን ሁሉ ሲያመላልስ የኖረ ነው። በ1978 ሚያዝያ አበዛሽ የምትባል ጎረቤታችን ከዲመካ ጂንካ ወዳለው ሐኪም ስትወሰድ ካኮ አጠገብ ያለው ወንዝ ሞልቶ አገዳቸውና ልጇን እዚያው በኋላ ወንበር ተገላገለች። ያዋለዷት እናቴ ወይዘሮ የሺሃረግ ናቸው፤ መጠቅለያ ስለጠፋ አባቴ የወንበሩን ልብስ በካራ ቀደዱ። ቀዳዳው ዛሬም አለ።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የሚሸሸው ሁሉ ያገኘውን መኪና እየነዳ ይሄድ ነበርና፣ አባቴ መኪናውን ጂንካ ወዳለው ጓሯችን አምጥተው፣ ጎማዎቹን አውልቀው በግንድ ላይ አስቀመጡት። አገር ሲረጋጋ እናስነሣዋለን አሉ። አገር ሳይረጋጋላቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ዲመካ ላይ ዐረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ፤ መኪናውም ግንዱ ላይ ቀረ።

እናቴ አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከጥላ በቀር አያይም። የባላቸውን መቃብር አንድ ጊዜ ተሳልመው መመለስ ይፈልጋሉ። በሚኒባስ ልውሰድዎ ብላቸው፣ «ሳይሸጠው ያስቀመጠው ለእኔ ነው፤ በእሱ ካልሆነ አልሄድም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የተደከመው ድካም ሁሉ ለዚህች አንዲት መንገድ ነው።

የጡረተኛ አቅም የታወቀ ነው። መካኒኩ አቶ አብዱሰላም ኮፈኑን ሲከፍቱ ሞተሩን የያዘው ንብ ነበር። አንድ የአሪ ጎረቤታችን መንጋውን ወደ ቀፎ አዛወረልን፤ ማሩም የአቶ አብዱሰላም የመጀመሪያ ደመወዝ ሆነ። የቤንዚን ታንከሩ ውስጥ ጠጠርና ሰንሰለት ጨምረን እንደ ቅል እየናጥን ዝገቱን አራገፍን፤ የሞተሩን መገጣጠሚያ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን ቆርጠን ዘይት አጠጣነው፤ ጎማዎቹን ሥራ ካቆመ ላንድክሩዘር ለመንን፤ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች እናቴ ራሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ በአመድ ወለወሉ። አሥራ አራት ወር ፈጀብን። አቶ አብዱሰላም በእጅ በሚዞረው ማኖቬላ አዙረውት ሁለት ጊዜ አስሎ ሲነሣ፣ ሰፈሩ ለሠርግ እንደሚሆነው ሆነ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ቃል ስለገቡልን አመሰግናለሁ። መኪናው ገና ታጥቦ በጎማው እንደቆመ፣ በከተማው በዓል ሰሞን ቤታችን ድረስ መጥተው ለጽሕፈት ቤትዎ ካላንደር ፎቶ አስነሡት። ያን ዕለት እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሞተሩን ብቻ ያስነሡ፤ ወረቀቱን ለእኔ ይተዉት» አሉኝ። እኔም አባቴ በሻሽ ጠቅልለው የተዉትን ዋናውን ሊብሬ እንዲታደስ በእጅዎ ሰጠሁዎት። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። በእኛ ዘንድ ደረሰኝ የሚጠየቀው ባዕድ ነው፤ በሁለታችን ቤት መካከል ያለውን እያወቅሁ እርስዎን ፈርምልኝ ማለት ነውር መሰለኝ። ስማችሁን ሳትጽፉ ወረቀት አታስረክቡ እያልሁ ትውልድ ያስተማርሁ ሰው ስሙን ሳያስጽፍ አስረከበ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልም።

ሁለተኛ፣ ጥራት ስላለው መልስዎ አመሰግናለሁ። ሰባት ወር ከተመላለስሁ በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ በተጠቀሰው ሰሌዳ የተመዘገበ ተሽከርካሪ እንደሌለ፣ ጽሕፈት ቤቱም ከእኔ ምንም ዓይነት ሊብሬ ተረክቦ እንደማያውቅ ይገልጻል። በግርጌው ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስለማውቀው አልተሳሳትሁም። ክቡር ሆይ፣ ጠፋ ቢሉኝ ኖሮ አብረን እናዝን ነበር፤ ወረቀት ይጠፋል፣ የሰው ልጅም ይሳሳታል። አልተቀበልሁም ሲሉ ግን የጠፋው ሊብሬው ብቻ አልሆነም፤ እጄን የያዙበት ያ ቀንም አብሮ ከመዝገብ ተሰረዘ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ተነጥቄ አውቃለሁ፤ የተሰጠኝ ቃል እንዳልተሰጠኝ በማኅተም ሲረጋገጥልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስተኛ፣ የአሠራራችሁ ጥብቅነት ያስመሰግናል። መኪናው እንዲመረመር በአካል ይቅረብ ተባልን፤ በመንገድ እንዳይነዳ ደግሞ ቦሎ የለውም። ሕግ አክባሪ ነንና ሞተሩን አጥፍተን፣ እናቴን ውስጥ አስቀምጠን፣ እየገፋን አመጣነው። ከገበያው ጀምሮ የባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ወርደው ገፉልን። የበር ጥበቃዎ በትሕትና አስቁመው፣ በመዝገብ የሌለ ተሽከርካሪ ወደ ግቢ እንዳይገባ መታዘዛቸውን ነገሩን። ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ካላንደሩ ተሰቅሏል፤ የሚያዝያን ወር የያዘው የእኛ ላንድሮቨር ነው፤ ሰሌዳው ከሩቅ ይነበባል፤ ከሥሩም «ቅርሳችን» ይላል። ጥበቃው አንዴ ካላንደሩን፣ አንዴ መኪናውን ሲያዩ ቆይተው፣ «አባቴ፣ መመሳሰሉስ ይመሳሰላል፤ ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነው» አሉኝ። በዚህ ጉዳይ ከጽሕፈት ቤትዎ እውነት በአፍ የተነገረኝ ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ለእኚህ ሰው የደረጃ እድገት እንዲታሰብ በዚሁ አሳስባለሁ። መልሰን ገፋነው፤ ዳገቱ ላይ እናቴ ልውረድላችሁ ሲሉ ሰው ሁሉ እምቢ አለ።

የምለምነው ሀብት ወይም ካሣ አይደለም። አንዲት ሴት በባሏ መኪና ዲመካ ደርሳ የምትመለስበት የአንድ ቀን ፈቃድ ነው። ዓይናቸው ጥላውንም ሳያጣ ቢሆን ደግ ነው።

በመጨረሻም፣ የዚህን ሁሉ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ ለእርስዎ፣ ለምክትልዎ፣ በተመላለስሁ ቁጥር እያፈረች እውነቱን በዓይኗ ለነገረችኝ ለወይዘሮ ሰገነትና ለበር ጥበቃው ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሥራችሁ የተቃና፣ መዝገባችሁ የሞላ፣ የመጪው ዓመት ካላንደራችሁም የዘንድሮውን ያህል ያማረ እንዲሆን እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ፎቶው የእናንተ፣ መኪናው የማንም ያልሆነው፣
ወልደ ጊዮርጊስ፣ የቀድሞ መምህርዎ
ጂንካ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከጓሯችን እስከ አጥራችን በር ያለው መሬት ከጽሕፈት ቤትዎ ሥልጣን ውጭ ስለሆነ፣ ባለፈው እሑድ እናቴን በዚያ በተቀደደው ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያልሁ ግማሽ ሰዓት ነዳሁ። ፈቃዱ የተገኘ መሰላቸው። «ካኮን አለፍን?» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ በውሸት ስቀጣ የኖርሁት ሰው፣ አልፈናል አልኋቸው። ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «እዚህ ላይ ነው የወለደችው። ማኅፀን የሚፈታው መልአክ ደርሶልናልና ሩፋኤል በሉት ያልሁ እኔ ነኝ። ወረቀቱን ጨረሰልን አይደል? የአበዛሽ ልጅ ቃሉን አያጥፍም። መርቃሃለች በልልኝ» ብለው፣ ዲመካ ስንደርስ እንድቀሰቅሳቸው አዝዘውኝ አንቀላፉ።

ምርቃቱ በእጄ በአደራ ይገኛል። በሥራ ሰዓት መጥተው መውሰድ ይችላሉ፤ ያለ ፊርማ ግን አላስረክብም።