ድምፅህን ተውሼ ዓሣ ያጠመድኩበት ዓመት

ውድ አባዬ፣

ከሄድክ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆንህ ነው። ልደውልልህ እንዳልል ስልክህ እኔው ኪስ ውስጥ ነው። በዙም እንዳልል ቀብርህንም አርባህንም ያየሁት በዙም ስለሆነ፣ ያንን ነገር ደግሜ ባልከፍተው ይሻለኛል። በአርባህ ቀን ጓደኛህ ጋሼ ታምሩ ማይኩን መዝጋት ረስቶ፣ ቄሱ ሲጸልዩ እሱ ኩሽናው ውስጥ ስለ መኪናው ጎማ ከሚስቱ ጋር ሲነታረክ እዚህ ኮሎምበስ ያለ አበሻ ሁሉ ሰማው። እኔ ሳቅኩ። እማዬ ቆነጠጠችኝ። ከዚያ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና ማቆሚያ አጣን።

ቤቱ እንዳለ ነው። እማዬ የቀን ሺፍት አግኝታለች፤ አልጋው ላይ ግን ያንተን ቦታ ላለመንካት ዛሬም ጠርዙን ይዛ ነው የምትተኛው። ኮሮላህን የምነዳው እኔ ነኝ። የኋላ ትራንኩ አሁንም ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ላሳጥበው ስትል ቁልፉን ደበቅኩባት። ሌላው የተለወጠ ነገር ድምፄ ነው። ሆስፒታል ስትገባ ገና መጮህ እንደሚለማመድ አውራ ዶሮ ይሰነጠቅ ነበር። ከሄድክ በኋላ ጎረነነና አረፈ። ያረፈው ደግሞ አንተ ላይ ነው። እማዬ ከኋላዋ ስናገር እጇ ላይ ያለውን ትጥላለች።

ሰው ሳስመስል አንተ "የገደል ማሚቶ" ትለኝ ነበር። ጋሼ ታምሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ጠርጎ "በመሠረቱ" ብሎ ሲጀምር የማደርጋትን ስታይ፣ ፊትህን አዙረህ ትስቅና ዞረህ ትቆጣኛለህ። እሱም ይህ ልጅ ታላቅ አያከብርም እያለ ስንቴ ከሰሰኝ። እንግዲህ ያው ጋሼ ታምሩ ነው፣ በሄድክ ሰሞን ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ሳሎናችን የተቀመጠው። ጉሮሮውን ጠረገ። በመሠረቱ፣ አለ፣ አዳማ ያለችው እናትህ እማማ ዘውዴ የደም ግፊት አለባት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ በአካል ሄዶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ባለበት ነው። መንገድ እንደተከፈተ እሱ ራሱ ይሄዳል። እስከዚያ ግን ልጄ ለምን አይደውልም እያለች ምስጢሩን እያወቀች አብራት የምትኖረውን አክስቴን መውጫ መግቢያ አሳጥታታለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፣ "ያችን የአባትህን ነገር እስቲ ሞክራት" አለኝ።

ሞከርኳት። እምዬ እንዴት ነሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ በስልክህ ቮይስ ሜሴጅ ቀዳሁ። ትልልቅ ሰዎች ሳስመስል ሰምተው ሲያለቅሱ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀባጣሪ ሲሉኝ ኖረው፣ ያን ቀን ጎበዝ አሉኝ አባዬ።

ጋሼ ታምሩ ትኬት ይቆርጣል፣ ይሰርዛል። አንዴ ኳራንቲን፣ አንዴ ጉልበቱ፣ አንዴ የአገሩ ሁኔታ። እኔ አንተን ሆኜ ቀጠልኩ። ከሜሴጅ አልፎ በቀጥታ ማውራት መጣ። በቪዲዮ ስትለኝ ካሜራው ተበላሽቷል እላታለሁ።

ችግሩ እማማ ስለ ጤናህ ጠይቃ አትተውም። ዓሣውስ? ትላለች። አያቴ የባሕር ኃይል ሰው ስለነበር ምጽዋና ዳህላክ ደሴቶች ላይ እንዳደግክ መቶ ጊዜ ነግረኸኛል፣ እኔም መቶውንም ጊዜ ዓይኔን ስልኬ ላይ ተክዬ ነው የሰማሁህ። ማታ ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ እማማ ፋኖስ ይዛ፣ አንተ ቅርጫት ይዘህ ከኋላዋ፣ በላስቲክ ጫማ ኮራል ድንጋዩ ላይ ትሄዳላችሁ። ውሃው ረስቷቸው የሄደ ዓሦች በየጎድጓዳው ይንቦጫረቃሉ። ዛጎል ትለቅማላችሁ። ሸርጣኑን ግን ሃይማኖታችን አይፈቅድም ብላ በጭራው ይዛ ትመልሰዋለች፣ አንተ ጭራ የለውም ብለህ ተከራክረህ በጥፊ ተመትተሃል። አንዲት ሕግ ነበረቻት፦ ጨለማ ውስጥ ድምፅ አይታመንም፤ ውሃ ድምፅን ካለበት አንሥቶ ከሌለበት ያመጣዋል። የጠራህን ሰው መብራቱን ሳታይ አትሂድለት።

ኮሎምበስ ባሕር የላትም። አንተ ግን ግንባርህ ላይ መብራት አስረህ አለም ክሪክ የሚሉት ወንዝ ውስጥ ገብተህ ድንጋይ ትገለብጥ ነበር፤ ክሮዳድ የሚሏትን ሸርጣን ቢጤ ለመንጠቆህ ልትለቅም። ውሻዋን የምታንሸራሽር ሴትዮ ምን ጠፍቶህ ነው ስትልህ፣ በዚያ እንግሊዝኛህ፣ ባሕር ነው የጠፋብኝ አልካት። አፍሬ መኪና ውስጥ አጎነበስኩ። አሁን ያቺን ማታ የሚመልስልኝ ባገኝ።

ስለዚህ ውሸቱ ዓሣ ያስፈልገው ነበር። ዘንግህን አንሥቼ ሁቨር ግድብ ዳር መቀመጥ ጀመርኩ። ስንቴ ና ስትለኝ ይደብራል ያልኩትን ሥራ ማለት ነው። መጀመሪያ የያዝኩት የራሴን ኮፍያ ነው። ቀጥሎ ዛፍ። አንድ ቀን ግን ክሩ ከበደኝ፤ ጎትቼ ሳወጣው እንደ ክንዴ የሚሆን አምባዛ። ወዲያው ደውዬ በአንተ ድምፅ ለእማማ አወራሁላት፣ እሷም እልል አለች። ስልኩን ዘጋሁና ላሳይህ ዞርኩ። አጠገቤ የምትታጠፈው ወንበርህ ብቻ ነበረች። ማን እንደያዘው፣ ማን ማየት እንዳለበት፣ ሁሉም ተምታታብኝ። አምባዛውን መልሼ ለቀቅኩት።

የከፋው ደግሞ ይሄ ነው፦ አንተን ባስመሰልኩ ቁጥር አንተ እየጠፋህብኝ ሄድክ። "እምዬ" ስትል ድምፅህ ወደ ላይ ነበር የሚወጣው ወይስ ወደ ታች? እኔ ከፈጠርኩት የትኛው ነው ያንተ? እኔ ስልክ ላይ የቀረችኝ አንዲት ያንተ ቮይስ ሜሴጅ ናት፤ ስትመጣ ዳቦ ግዛ የምትለኝ። ልከፍታት ፈራሁ። እኔን ብትመስልስ? ማልቀስም አልቻልኩም። ሳለቅስ የሚሰማኝ አንተ ስታለቅስ ነው፣ አንተ ደግሞ አታለቅስም ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ደወለች። እንደ ቀልድ፣ "ውሃው ሸሸ?" አለችኝ። አዋቂ መሆኔን ላሳይ ብዬ፣ ሸሽቷል እምዬ፣ ዛሬማ ብዙ እይዛለሁ አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ "መብራትህን አሳየኝ" አለች። ኔትወርክ ነው ብዬ ዘጋሁባት።

ጋሼ ታምሩ ጋ ሄድኩ። ካሜራው ተሰብሯል በላት አለኝ፤ ለሰኔ ትኬት እያየ ነው። ስንተኛ ሰኔ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድቡ ዳር ሄጄ እኩለ ሌሊት እስኪቃረብ ጠበቅኩ። ያኔ እዚያ ሊነጋ ነው፤ ሽማግሌ ባይኖርም ሰዓቱ የመርዶ ሰዓት ነበር። መብራትህን ግንባሬ ላይ አስሬ በቪዲዮ ደወልኩ። ያነሳችው አክስቴ ናት። መብራቱን አየች፣ ልነግራት እንደሆነ ገባት፣ ስልኩን ለእማማ ሰጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። መብራቱ ስለሚያንጸባርቅ እማማ ፊቴን አላየችም፤ "ልጄ?" አለች። አፌን ስከፍት የወጣው ያንተ ድምፅ ነው። እምዬ አልኳት። መብራቱን ፈትቼ ወደ ፊቴ አዞርኩት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችኝ።

"ናቲ" አለች፣ "በራስህ ድምፅ ንገረኝ።"

የቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር አባዬ። ፈለግኩት። በመጨረሻ የወጣው ያ የድሮው፣ የሚሰነጠቀው ነው። በሱ ነገርኳት። ጩኸቷ ከስልኩ ወጥቶ ውሃው ላይ ሄደ፤ ከወዲያኛው ዳር ዓሣ የሚያጠምድ ሰው መብራቱን አብርቶ ወደ እኔ አዞረ።

እማማ እህል አልቀምስም ብላ ሰነበተች፣ ግፊቷም ወጥቶ ሆስፒታል ገባች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እኔን አዩ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ሥርዓት፣ ገደልካት አለኝ ጋሼ ታምሩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሽንት ቤት ገብቼ በር እዘጋ ነበር። እማማ ከሆስፒታል ወጣች፤ ግን ትንሽ ሆና ነው የወጣችው አሉ።

ጋሼ ታምሩ በቀደም ብቻውን መጣ። እማዬ የለችም አልኩት። አውቃለሁ አለ። ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ፣ "እስቲ አንዴ እንደ አባትህ ታሜ በለኝ" አለኝ። አልቻልኩም አባዬ። በሩ ላይ ተቃቅፈን ቆምን፣ ማስኩ በእንባ ተበላሸ። ከእንግዲህ እሱን አላስመስለውም ብዬ ልምልልህ አልችልም፣ ያንን አትጠብቅ። አንተን ግን አላስመስልህም።

ትናንት ዳቦ ግዛ የምትለዋን ከፈትኳት። እኔን አትመስልም። ጭራሽ አትመስልም። እንዲህ የደከመህ መሆንህን እንዴት አልሰማሁም? ደግሜ ደጋግሜ ከፈትኳት፣ ከዚያ ወጥቼ ዳቦ ገዝቼ ገባሁ፤ እማዬም ለምን አላለችኝም።

እማማ አሁን በስሜ እየጠራች ትደውላለች። ለካ ያቺን የውሃውን ጥያቄ ሁልጊዜ ነበር የምትጠይቅህ፣ አንተም ሁልጊዜ በአንድ መልስ ነበር የምታስቃት፤ ግድብ እንደ ባሕር እንደማይሸሽ ረስቼ ነው የተያዝኩት። ውሃው ሸሸ? ትለኛለች ዛሬም፣ ሳትስቅ። ወንበርህን ከጎኔ ዘርግቼ፣ መብራትህን አብርቼ፣ እሷ እስካለች ለእሷ፣ ከእሷ በኋላ ለማንም ለጠየቀኝ፣ በራሴ ድምፅ ያንተን መልስ እመልሳለሁ፦ እዚህ ውሃው የትም አይሄድም።

ልጅህ ናቲ