ለእኔ ተብሎ የለሰለሰው ዘፈን

ለምወድሽ እህቴ ማራኪ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የባህሬን ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? ባለቤትሽ ጉዲሳስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ትንሿ ቤተልሄምስ መሮጥ ጀመረች? እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የእኔን አኗኗር ግን ልንገርሽ።

ስልክሽን የማላነሳው ንቄሽ እንዳይመስልሽ። እማዬም «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ብላ ሳትከሰኝ አልቀረችም። ማራኪዬ፣ ጆሮዬ እየሄደ ነው። ግራው ከፋሲካ ወዲህ ጭራሽ ደንቁሯል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ሐኪሙ የብረት መቁረጫው ጩኸትና ድራሙ ተባብረው ነርቩን እንደጨረሱት፣ እንደማይመለስም ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም።

የባንዱን ልጆችም ደበቅኳቸው። ድራሙን ይነጥቁኛል ብዬ ፈርቼ «ጆሮዬን ትንሽ ያመኛል» ብቻ አልኳቸው። ጥፋቱ የራሴ ነው። ታውቂያቸው የለ፣ ጥቁር ለብሰው ሲጮሁ ያስፈራሉ እንጂ ሆደ ቡቡ ናቸው። ከሥራ በኋላ እዚያው የምሠራበት ጀይሉ ብረት ቤት የምንለማመደውን፣ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጥ የነበረውን ሄቪ ሜታል ሙዚቃ በአንድ ወር አለሰለሱት። ዘፋኛችን ዳዊ ጩኸቱን ትቶ ማንጎራጎር ያዘ፤ ለእኔም በዱላው ፋንታ ድራሙን ዳበስ ብቻ የሚያደርግ የሽቦ ብሩሽ ሰጡኝ። ሰው ወደደው። ጀይሉ ራሱ አሁን ገና ዘፈን ሆነ አለ።

እኔ ግን የሚሰማኝ ያ ጩኸት ነበር። በጆሮዬ ባይሆን በእግሬና በደረቴ ይገባ ነበር። የአሁኑ ለእኔ የለም፤ የዳዊን ትከሻ እያየሁ ነው የምመታው።

ባለፈው ቅዳሜ ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ አዳራሽ ስንጫወት፣ ዳዊ ወደ ሕዝቡ ወረደና ከዓይኔ ተሰወረ። ዓይኔን ጨፍኜ ቀጠልኩ። ስገልጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል፤ ለካ ዘፈኑ ካለቀ ቆይቷል። የሳቀ አልነበረም፣ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ዳዊ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና «ለአንተ ብለን እኮ ነው ያለዘብነው» አለኝ፤ ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት። እውነቱን ብነግረው ደግነታቸው ጸጸት ሊሆንባቸው ነው። ብሩሾቹን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።

እማዬን አንቺ ንገሪያት፣ እኔ ወኔው ከዳኝ። ቀስ ብለሽ፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ይሁን።

ጉዲሳን ሰላም በይልኝ። ጀይሉም ሰላም ብሎሻል። ቤተልሄምን ጉንጯን ሳሚልኝ። «አጎቴ» ማለት ጀመረች ብለሽ የላክሽልኝን ድምፅ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ስንቴ እንደሞከርኩት አትጠይቂኝ። እባክሽ በቪዲዮ ላኪልኝ፣ አፏን ልየው።

ወንድምሽ የኔሰው
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.