ዋና ኬሚስታችን «ይደገም» ያሉት የመጨረሻ ናሙና

የውሃ ጥራት ላቦራቶሪያችን ዋና ኬሚስት በድንገተኛ የልብ ሕመም ትናንት ማለዳ ማረፋቸውን ለባልደረቦቻቸው፣ ለወዳጆቻቸውና ለታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች የምናሳውቀው በከባድ ሐዘን ውስጥ ሆነን ነው። ምርመራ ሳያስደግሙ ውጤት ፈርመው ስለማያውቁ ሁላችንም «ጋሼ ይደገም» እንላቸው ነበር። ባለቤታቸው ግን «ቤት ውስጥ ይደገም የሚለው ሻይ ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን ቡናማ የባሕር አረም በጆንያ አስጭነው ሲያመጡ ግቢው ሁሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። የበር ጥበቃችን «ጋሼ፣ ላም ሊያረቡ ነው?» ብሏቸው ነበር። አረሙ ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ከተበከለ ውሃ ውስጥ እርሳስንና ካድሚየምን የመሰሉ መርዛማ ብረቶችን ይዞ እንደሚያስቀር በዚያው ዓመት በሙከራ አሳዩ።

ባለፈው ጥቅምት ከባትሪ ፋብሪካው በታች፣ ወደ ታችኛው ሰፈር በሚወርደው የውሃ መስመር ላይ የአረም ማጣሪያ ገንዳ አስገነቡ። ከዚያ ወዲህ የተቀዳው ናሙና ሁሉ ንጹሕ ሆነ። የሰፈሩ ቧንቧ ሰኞ እንዲከፈትም ቀን ተቆረጠ።

እርሳቸው አልፈረሙም። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ነፃ የምትሆነው ጠዋት ብቻ በመሆኑ ናሙናው ሁሉ የተቀዳው ጠዋት ነው። ፋብሪካው ወለሉን የሚያጥበው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ መስመሩ የሚገባው የእጥበቱ ውሃ አሲድ አለው፤ አረሙ ደግሞ አሲድ ሲነካው የያዘውን እርሳስ መልሶ ሊለቅ ይችላል። «የጠዋት ውሃ እንግዳ ፊት የተቀመጠ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ አያስተማምንም» አሉ ለፊርማው በተጠራው ስብሰባ ላይ። የነዋሪዎች ተወካይ «ጋሼ፣ ልጆቻችን በጀሪካን ጎበጡ እኮ። እስከ መቼ ነው የሚደገመው?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «እህቴ፣ እኔም ደክሞኛል። ግን ዛሬ ከፍቼልሽ ነገ ልጆችሽን በምን ዓይኔ አያለሁ?» ነበር መልሳቸው።

ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ ናሙናውን ራሳቸው ሊቀዱ በታክሲ ሲሄዱ ሕመሙ መንገድ ላይ ጣላቸው። ጠርሙሱ ባዶውን ተመለሰ።

ስለዚህ ለታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች በግልጽ እንናገራለን፦ ሰኞ የሚከፈት ቧንቧ የለም። ማጣሪያው አሲዱን ይቋቋም እንደሆነ እስካሁን አናውቅም። ይቋቋማል ብለን አጥብቀን ተስፋ እናደርጋለን፤ ተስፋ ግን አይጠጣም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና አብረዋቸው ለደከሙት ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ሥርዓተ ቀብራቸው የሚፈጸመው ነገ ከሰዓት በኋላ፣ ፋብሪካው ወለሉን በሚያጥብበት ሰዓት ነው። ሁለት ባልደረቦቻችን ከቀብሩ ቢታጡ ማንም እንዳይቀየማቸው አደራ እንላለን። ባለቤታቸውን አስፈቅደናል፤ «ሂዱ፤ እዚህ ቆማችሁ ከምታለቅሱለት ናሙናውን ቀድታችሁ ብትመጡ ነው ደስ የሚለው» ብለውናል። እርሳቸው አፈር ሲለብሱ፣ ሁለቱ ከገንዳው መውጫ ላይ ጠርሙሱን ደቅነው ይቆማሉ።