አንድም ኮሽታ እንዳይቀር

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሸክላው የተቀዳው የእናትሽ ዘፈን ንጹሕ ቅጂ ትናንት ደረሰኝ። ወንድምሽ ስልኩ ላይ ከፈተልኝና ፊት ፊቴን ያይ ጀመር። «አባዬ፣ ጭረት የሚባል ነገር አይሰማም» አለኝ። እውነቱን ነው። እናትሽም አትሰማም።

ሸክላው ላይ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ፤ በልጅነትሽ እያስመሰልሽ ታስቂን ነበር። መጀመሪያ ትንፋሽ ትስባለች። ከዚያ አኮርዲዮን ለያዝኩት ለእኔ በሹክሹክታ «አትቸኩል» ትለኛለች። አሁን ሁለቱም የሉም። በየስንኙ መካከል የምትስበው ትንፋሽም ተጠርጓል። የቀረው ድምፅ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።

ሸክላውን በብብቴ ይዤ ቅጂ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ወንበር ሳበልኝ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ጫጫታው የትኛው እንደሆነ ናሙና ይፈልጋል። ዘፈን የሌለበትን የመጀመሪያውን ቦታ ሰጠሁት፤ ያንን የመሰለውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ጠረገው» አለኝ።

«የሰጠኸው ሚስቴን ነው» አልኩት።

«የጠፋው እኮ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ዘፈኑ አለ።»

«አንተ ትንፋሽህን ቤት ትተህ ነው ሥራ የምትመጣው?»

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ናሙናውን ከመጨረሻው፣ ዘፈኑ አልቆ ሸክላው ባዶውን ከሚዞርበት ቦታ ወስዶ እንደገና መሥራት እንደሚችል ነገረኝ። የሸክላው ትርትርታ ግን በመጠኑ ይቀራል። «በል ሥራው» ስለው የላክሽለትን መልእክት አሳየኝ፤ «ሕፃኗን የማስተኛበት ነው፣ አንድም ኮሽታ እንዳይቀር» ይላል። «ያዘዘችኝ እሷ ናት፣ ያለ እሷ ቃል አልነካውም» አለ።

ተናድጃለሁ፤ አልደብቅሽም። ማንን ጠይቀሽ ነው ኮሽታውን ከእናትሽ የለየሽው? ልጅሽ አያቷን የምታውቃት በዚህ ሸክላ ብቻ ነው። ትርትር እያለ ብትተኛ ምን ትሆናለች? አንቺም የተኛሽው በእሱ ነው፤ ጆሮሽ እስከ ዛሬ ደህና ነው። ጸጥታ ከሆነ የፈለግሽው እኔ ጋ ሞልቷል፤ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት።

ልጅሽን ሳሚልኝ። እንቅልፏ የሰመረ ይሁን፤ አንቺንም ለእሷ ያቆይልኝ። ባለሙያው ዓርብ የሸክላ ማጫወቻውን ለጥገና ስለሚልክ እስከዚያ ብቻ ይጠብቅሻል። ለእኔ መልስ ባትጽፊም ለእሱ አንድ ቃል ጻፊለት። ሸክላውን እዚያው ትቼው መጥቻለሁ።

አባትሽ